ሳሎን ስዊት ልትከራዪ ነው? መጀመሪያ ሰው ቁጠሪ

ባለፈው ወር አንዲት ፀጉር ሠሪ ደወለችልኝ። ዳላስ ነው ያለችው። ሁለት ክፍል አይታለች፣ አንዱ 100 ስኩዌር ፊት፣ ሌላው 150። «የቱን ልውሰድ?» ነው ጥያቄዋ። «ቅዳሜ ከሰዓት አንቺ ጋ ስንት ሰው ነው ያለው?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ደንበኞቹን ብቻ ነው ወይስ አብረው የሚመጡትንም?» አለች። እሱን ነዋ! አብረው የሚመጡትን ነው ሁላችንም የምንረሳው።

ይሄን የምጽፈው እንደሷ ላሉት ነው። ሰው ጋ በኮሚሽን ወይም ወንበር ተከራይታ ስትሠራ ቆይታ፣ አሁን እዚሁ አሜሪካ የራሴን በር ልክፈት ላለች ሐበሻ። ሽፋሽፍትና ፌሻል የምትሠሩም፣ ወንድሞቼ ፀጉር አስተካካዮችም አንብቡት፣ አብዛኛው ለእናንተም ይሆናል።

የሳሎን ስዊትን አሠራር ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰፊ ቦታ በትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ባለሙያ ይከራያል። ኪራዩ በሳምንት ነው። ቁልፉም፣ ዋጋ መተመኑም፣ ሰዓቱም የራስሽ ነው፣ መብራትና ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪራዩ ውስጥ ነው። ሶላ ሳሎን ስቱዲዮስ በ2004 ዴንቨር ላይ የመጀመሪያውን ከከፈተ ወዲህ መሰሎቹ በየከተማው ፈልተዋል። ዲሲ ዙሪያ፣ ዳላስ፣ አትላንታ፣ እኛ በብዛት ባለንበት ሁሉ ሞልተዋል።

አንደኛ፦ ሰው ቁጠሪ

ስልክሽን አውጪና ያለፉትን ሁለት ወራት ቀጠሮ ተመልከቺ። አማካዩን ተዪው። የምትፈልጊው በጣም የተጨናነቅሽበትን አንድ ሰዓት ነው። ለእኛ ሰው ይሄ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሠርግ ጠዋት፣ ወይም የበዓል ዋዜማ ነው።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የገባሁት። የመጀመሪያ ክፍሌ 8 በ10 ነበር፣ 80 ስኩዌር ፊት ማለት ነው፣ በእኛ ሰባት ካሬ ተኩል እንኳን አይሞላም። የምሠራው ሹሩባ ነው። ባዶውን ሳየው በቂ መሰለኝ፤ ወንበር ገባ፣ መስታወት ገባ፣ መታጠቢያው ከነወንበሩ ነበረ። ከዚያ ቅዳም ሹር ደረሰች። አንዷ ወንበሩ ላይ ሆና እየሠራኋት ነው። እናቷ የመታጠቢያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ምክንያቱም ሌላ መቀመጫ የለም። የአምስት ዓመት ልጇ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የዊግ ፀጉሬን ትፈታለች። ቀጣይዋ ደንበኛ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀድማ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ክርኔ ግድግዳውን እየመታ ነው የምጎነጉነው። በኋላ የሕንፃው ተቆጣጣሪ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ሰው ማስቆም አይቻልም አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ውሉ ላይም ተጽፏል። እኔ ግን ውሉን ስፈርም የለካሁት ዕቃውን እንጂ ሰዉን አልነበረም።

ስለዚህ ወረቀት ያዢና በዚያች በተጨናነቀች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ጻፊ። አንቺ አንድ። ወንበር ላይ ያለችው ሁለት። ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ) ውስጥ ያለች ካለች ሦስት። ቀድማ የመጣችው አራት። አብሮ የመጣ እናት፣ ጓደኛ፣ ልጅ። እዚህ ላይ ለራስሽ አትዋሺ። የእኛ ሰው ብቻውን አይመጣም፣ ፀጉር ቤት ለእኛ መገናኛም ነው። ፈረንጅ የምትሠራ ጎረቤቴ በቀን አምስት ሰው አስተናግዳ ክፍሏ ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ ታይቶ አያውቅም። የእሷ ልክ ለእኔ አይሠራም።

ሙሽራ የምትሠሪ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው። ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቹ፣ እናት፣ ሜካፕ የምትሠራዋ፣ ካሜራማኑ። ይሄን ሁሉ የሚችል ክፍል ከፈለግሽ ዓመቱን ሙሉ ለባዶ ቦታ ትከፍያለሽ። በጾም ጊዜ ሠርግ እንደሌለ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እኔ ሙሽራ ቤቷ ሄጄ ነው የምሠራው፣ የመንገዱን አስከፍላለሁ፣ በቃ።

ሁለተኛ፦ ሥራሽ ምን ያህል ቦታ ይበላል?

ሁሉም ሥራ እኩል ቦታ አይፈልግም። ሽፋሽፍት የምትተክል ልጅ አልጋዋ 6 ፊት ርዝመት፣ ወደ ሁለት ፊት ተኩል ስፋት አለው። እሷ ከራስጌ በኩል በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ለዚያ 3 ፊት ብትይዝ ድምሩ 9 ፊት ነው። 8 በ10 ክፍል ውስጥ አልጋውን በረጅሙ በኩል ብታደርገው ይበቃታል፣ የዕቃ ጋሪም ይገባል። ደንበኛዋ ተኝታ ስለሆነ የምትሠራው የሚጠብቅ ሰውም አይበዛባትም። ለሷ 80 ስኩዌር ፊት ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ብር ማባከን ነው።

ፌሻል ከሆነ ትንሽ ይጨምራል። የእንፋሎት ማሽን አለ፣ ጋሪ አለ፣ በአልጋው ቢያንስ በአንድ ጎን ማለፍ መቻል አለብሽ። ፀጉር በሰም ለመንቀል ደግሞ በሁለቱም ጎን።

ፀጉር ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ወንበሩ የእግር ማሳረፊያው ሲጨመር ወደ 4 ፊት ይደርሳል። መስታወቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ሌላ አንድ ፊት ተኩል። ከወንበሩ ኋላ አንቺ የምትቆሚበት 3 ፊት፣ ሹሩባ ከሆነ ከዚያ በታች አታስቢው፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ፀጉር ስትጎነጉኚ ወደ ኋላ እየተሳብሽ ነው የምትሠሪው። ድምሩ 8 ፊት ተኩል። እንግዲህ ክፍሉ 8 ፊት ከሆነ ወንበሩን ሰያፍ ማዞር ነው ያለሽ አማራጭ። 10 ከሆነ ደግሞ አንድ ፊት ተኩል ይተርፍሻል፣ ያ ማለት ከኋላሽ ሰው በጎን ማለፍ ይችላል ማለት ነው፣ በጭንቅ።

በዚህ ላይ መታጠቢያው አለ፤ ከነወንበሩ ቢያንስ 4 ፊት ይወስዳል፣ ሰውየው እግሩን ሲዘረጋ ደግሞ ይጨምራል። ካስክ ባለወንበር ከሆነ ሌላ ሁለት ፊት ተኩል በአራት ፊት። ቀለም፣ ፎንና ፒያስትራ እየሠራሽ አንዷን ካስክ ውስጥ አስገብተሽ ሌላዋን የምትጀምሪ ከሆነ ከ120 ስኩዌር ፊት በታች እንዳትገቢ። ሹሩባ ብቻ ከሆነና ደንበኞችሽ ታጥበው የሚመጡ ከሆነ ግን 100 ይበቃል፣ በተለይ መታጠቢያ የሌለው ክፍል ካገኘሽ። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቀነስ ይላል። እዚህ ላይ ግን የስቴትሽ የሙያ ፈቃድ ሰጪ ምን እንደሚል ቀድመሽ ጠይቂ። ቨርጂኒያ የሹሩባ ፈቃድ በ2012 አስቀርታለች፣ ቴክሳስም በ2015። ቀለም ስትጨምሪ ግን የኮስሞቶሎጂ (የውበት ሙያ) ፈቃድ ይመጣል፣ ክፍሉም ምን ማሟላት እንዳለበት ሕጉ ይለያያል።

ሁለት ሰው የሚሠራበት ክፍል ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ነው። እሱን ስለ ብሩ ስናወራ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ ሳሎንሽ መሬት ላይ ሥሪው

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ወጪውም የአንድ ቴፕ ዋጋ ነው። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ሰማያዊ ቴፕ ግዢ፣ ሲነሳ ወለል አያበላሽም። ቤትሽ ውስጥ ሶፋውን ግፊና የክፍሉን ልክ መሬቱ ላይ ለጥፊ። 10 በ10 ከሆነ አራቱንም ጎን። በሩን ምልክት አድርጊበት፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የሚጠርገውን ቦታ ጭምር፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ምንም ማስቀመጥ አትችይም። የሚንሸራተት በር ያለው ክፍል ካገኘሽ ልብሽ ደስ ይበለው፣ ወደ ሰባት ስኩዌር ፊት አተረፍሽ ማለት ነው።

አሁን የወጥ ቤት ወንበር መሀል አድርጊ። እህትሽን ወይም ጓደኛሽን አስቀምጫት። እውነተኛ ሹሩባ ጀምሪ። አሥር ደቂቃ አይደለም፣ አንድ ሰዓት። ሌላ ሰው ደግሞ በቴፑ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ቁጭ ይበል። ልጅ ካለ ልጁም ይግባ። ከቴፑ ስንት ጊዜ እንደወጣሽ ቁጠሪ። እኔ ሁለተኛውን ክፍል ከመያዜ በፊት እንዲህ ሳደርግ ባለቤቴ ስቆብኝ ነበር፣ በኋላ እሱ ራሱ የሚጠብቀው ደንበኛ ሆኖ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ከሆንኩ ስልኬን የት ነው ቻርጅ የማደርገው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ አላሰብኩትም።

አራተኛ፦ ሄደሽ ራስሽ ለኪ

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር አትመኚው። አንዳንዱ የሚነግርሽ ከግድግዳ ውጭ እስከ ግድግዳ ውጭ ያለውን ነው። የተቆረጠ ጥግ፣ ምሰሶ፣ ወደ ውስጥ የገባ ቁም ሳጥን ያለበት ክፍል ደግሞ ቁጥሩ 130 ሆኖ የሚያሠራሽ 100 ሊሆን ይችላል። ሜትር ይዘሽ ሂጂ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በውስጥ በኩል ለኪ። አብሮ የተሠራው መስታወትና መደርደሪያ ስንት ኢንች እንደሚወጣም ለኪ። ሊነቀል ይችላል ወይ ብለሽም ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም።

በሩን ለኪ። ቢያንስ 32 ኢንች ንጹህ ክፍት ቦታ ሊኖረው ይገባል፣ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከተው የፌዴራሉ ሕግ መለኪያ ነው። ዊልቸር ዞሮ ለመመለስ ደግሞ 5 ፊት ክብ ቦታ ይፈልጋል። ሕጉን ተዪውና፣ እኔ ጋ ለበዓል የሚመጡ አንድ እናት በዊልቸር ነው የሚመጡት፣ ልጃቸው ትገፋቸዋለች። ያንን አምስት ፊት ለሳቸው ብዬ ነው ያስቀረሁት።

መብራት ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ማንም አይነግርሽም። ትልቅ ክፍል ስለወሰድሽ ሁለት ሰው በአንዴ ማድረቅ የምትችይ ይመስልሻል። ፎንሽን ገልብጪና ተመልከቺ፣ ብዙዎቹ 1875 ዋት ይላሉ። እዚህ አገር መብራቱ 120 ቮልት ስለሆነ አንዱ ፎን ብቻውን ወደ 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ካስክ 1000 ዋት ከሆነ ሌላ ስምንት አምፒር። ድምሩ 24። ክፍልሽ ያለው አንድ ባለ 20 አምፒር ብሬከር ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ስታበሪ ብሬከሩ ወርዶ መብራቱ ይጠፋል፣ ደንበኛሽም ግማሹ ደርቆ ግማሹ ረጥቦ ጨለማ ውስጥ ትቀራለች። ይሄ የደረሰብኝ ነገር ነው። ብሬከሩ ያለው ደግሞ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ቀኑ እሑድ። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት «ይሄ ክፍል ስንት ሰርኪውት (የራሱ ብሬከር ያለው የመብራት መስመር) አለው? ከጎረቤት ጋር ይጋራል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ አንድ ከሆነ፣ 200 ስኩዌር ፊትም ቢሆን የምትሠሪው እንደ አንድ ሰው ነው።

አየሩንም አሽትቺ። ቀለም ወይም የጥፍር ሽታ የሚወጣበት መንገድ ከሌለ ትንሽ ክፍል ራስ ምታት ነው። ጎረቤትሽ ማን እንደሆነ እይ፣ ግድግዳው ጣሪያ ድረስ ካልደረሰ ወሬሽ ሁሉ ይሰማል። ቡና ማፍላትና ዕጣን ማጨስ አስበሽ ከሆነ ደግሞ እርሺው፣ ጭስ ጠቋሚው ጣሪያው ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ማፍያ ቡና ግን አብዛኛው ቦታ ይፈቀዳል፣ እሱም ታዲያ አምፒር ይበላል።

በተቻለ መጠን ቅዳሜ ሂጂ። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ሕንፃ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ፓርኪንጉን፣ የጋራ መጠበቂያውን፣ ሽንት ቤቱን ታያለሽ። ጥሩ የጋራ መጠበቂያ ሶፋ ያለው ሕንፃ ከሆነ የሚጠብቁትን እዚያ ማስቀመጥ ትችያለሽ፣ ስለዚህ ክፍልሽ በሃያ ስኩዌር ፊት ሊያንስ ይችላል። መኪና ማቆሚያ የሌለው ሕንፃ ግን ስንት ካሬ ቢሰጥሽ አይረባም።

አምስተኛ፦ ብሩን በዓመት አስቢው

መጀመሪያ አንድ ወጥመድ። ኪራዩ በሳምንት ስለሚነገር ሰው በአራት ያባዛል። 300 ዶላር ሲሉሽ «አሃ፣ በወር 1200» ትያለሽ። አይደለም። ዓመት 52 ሳምንት ነው፣ 300 በ52 ሲባዛ 15,600፣ ለ12 ሲካፈል በወር 1300 ነው። ያቺ መቶ ዶላር በየወሩ ከየት እንደሄደች ሳይገባሽ ዓመት ይሞላል። አንዳንድ ቦታ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ነፃ ሳምንት ይሰጣሉ፣ ጠይቂ።

ቀጥሎ የሁለቱን ክፍሎች ልዩነት ብቻ ያዢ። ትንሹ 270፣ ትልቁ 380 ነው እንበል። ልዩነቱ በሳምንት 110፣ በዓመት 5,720 ዶላር። ከአንድ ሹሩባ የፀጉሩንና የዕቃውን ወጪ አውጥተሽ 90 ዶላር ይተርፍሻል ብንል፣ ትልቁ ክፍል ራሱን እንዲችል በዓመት 64 ተጨማሪ ሰው መሥራት አለብሽ። ተጨማሪ ነው ያልኩት፣ አሁን ካሉሽ በላይ። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፦ ሰፊ ክፍል ስለያዝሽ ብቻ እነዚያ 64 ሰዎች ይመጣሉ? እጅሽ ሁለት ነው። ብቻሽን ከሆንሽ ክፍሉ ስለሰፋ አንድ ሹሩባ ከአራት ሰዓት ወደ ሁለት አይወርድም። ሰፊው ክፍል ገንዘብ የሚያመጣው ሁለተኛ እጅ ሲኖር ወይም አንዷ ካስክ ውስጥ ሆና ሌላዋን የምትሠሪ ከሆነ ነው። እንዲያ ካልሆነ የምትከፍይው ለምቾት ነው። ምቾትም ክፉ አይደለም፣ ግን ምቾት መሆኑን እወቂው።

እህቴ ትመጣለች፣ ፈቃዷን ትጨርሳለች፣ አብረን እንሠራለን ብለው ትልቅ ክፍል የያዙ ስንት ልጆች አውቃለሁ። እህት ቪዛው ይዘገያል። ወይ ትመጣና ነርስ እሆናለሁ ትላለች። ክፍሉ ግን በየሰኞው ይከፈላል። ሁለተኛዋ ሰው ስትመጣ ያኔ ትልቁን ያዢ።

ስድስተኛ፦ ውሉ ላይ ስለ ልክ የሚጠየቁ

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ነው የማነሳው፣ የቀረውን ለሚያውቅ ሰው አሳዪ። አንዱ፣ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ወደ ትልቅ ክፍል መዛወር ብፈልግ ዲፖዚቴን ሳላጣ፣ ውሉ ሳያልቅ ይፈቀድልኛል ወይ? ይሄ ከተፈቀደ ትንሹን ለመያዝ አትፍሪ። ሁለተኛው፣ ሌላ ሰው አብራኝ መሥራት ትችላለች ወይ፣ ትርፍ ክፍያስ አለው? አንዳንዱ ትልቅ ክፍል አከራይቶሽ ለሁለተኛዋ ሰው እንደገና በሳምንት ያስከፍላል። ሦስተኛው፣ ክፍሉ ውስጥ በአንዴ ስንት ሰው ነው የሚፈቀደው? በቃል የነገሩሽን አትያዢ፣ ጽፈው ይስጡሽ። አፍሮ ዝም ማለት ነው ስንቱን ያከሰረው፤ እንግሊዝኛሽ ከተንተባተበ የሚረዳሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ዕቃ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት አትግዢ። ቅናሽ አገኘሁ ብለሽ የገዛሽው ካስክ በበሩ ላይገባ ይችላል።

የዳላሷ ልጅ ቴፑን ለጠፈች። ፎቶ ላከችልኝ፣ ሁለት እህቶቿ ቴፑ ውስጥ ተጣብቀው ይስቃሉ። 100ው እንደማይበቃት አየች፣ የ150ው ደግሞ ጥጉ ላይ ምሰሶ ነበረበት፣ ብሬከሩም አንድ ብቻ። ሁለቱንም ትታ እዚያው ሕንፃ ውስጥ 120 የሆነ የሚንሸራተት በር ያለው ክፍል እስኪለቀቅ ሦስት ሳምንት ጠበቀች። ሰኞ ወንበሯን ታስገባለች። ካስኩን ገና አልገዛችም።